የሙጨ ገመድና የትርንጎ ጥቁር በሬ

ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። «እሺ» የማይል ተረቱ አይደርሰውም። እሺ? በሉ እሺ!

በድሮ ጊዜ ሙጨ የሚባል ገበሬ ነበረ። ሁለት በሬዎች ነበሩት። ግንቦት ላይ አንዱ ገደል ገባበት። ባንድ በሬ ደግሞ አይታረስ! ሰኔ ካመለጠው ለልጆቹ የሚቀጥለው ዓመት ረኃብ ነው።

ሙጨ ሃይማኖቱ ጥብቅ ነው፤ እንዲያውም ከቄሱ ይብሳል። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ተሳለ፤ «ሚካኤል ሆይ፣ በሬ ስጠኝ። ቀይ ይሁን። ግንባሩ ቦቃ ይሁን። ጃንጥላ አገባልሃለሁ።» ከዚያ የሚመጣውን በሬ ሊያስርበት ገመድ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ አዙሮ፣ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ትርንጎ መጣች። ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ናት።

«አያ ሙጨ፣ አንተም አንድ በሬ፣ እኔም አንድ በሬ። እንቀናጅና የሁለታችንም ይታረስ።»

«ያንቺ ጥቁር አይደል? እኔ የለመንሁት ቀይ ነው። በይ ደኅና ዋይ!»

ቀጥሎ የሚስቱ ወንድም ከማዶ አገር መጣ።

«ሙጨ፣ ጤፍ ብዙ እርሻ ይፈልጋል፤ አንተ ኑግ ዝራ። ዘሩን ይኸው።»

«ኑግ በዚህ አገር ማን ዘርቶ ያውቃል? እኔ የለመንሁት በሬ ነው!»

በሦስተኛው የመንደሩ ጎረምሶች መጡ።

«በሬዎቻችን ደክመዋል፤ ጉልበት ግን አለን። ሰኞ ደቦ እንውጣልህ።»

«እኔ የለመንሁት በሬ ነው። እናንተ ቀንድ አላችሁ?»

ሚስቱ ጠጂቱ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች። አልተጣላችውም። ሰኞ ጠዋት «በሬውን ላሰማራው» ብላ ይዛው ወጣች። ማታ በሬው ጭቃ ለብሶ ገባ።

«ምን አጨቀየው?» አለ ሙጨ።

«ሰኔ ነዋ!» አለች።

በማግስቱም ጭቃ። በሦስተኛውም ቀን ጭቃ። ሙጨ ግን መንገድ መንገዱን ያያል። ማሳው ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ዞር ማለት እምነት ማጉደል መሰለው።

ክረምቱ አለፈ። በጥቅምት ሚካኤል ጠዋት ሙጨ ተስፋ ቆረጠ። ገመዱን ወደ ቦታው ሊመልስ ወደ ጓሮ ቢዞር፣ ማሳው በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል!

«ተአምር!» ብሎ ጮኸ። የስለቱን ጃንጥላ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን በረረ።

«ሚካኤል ራሱ አረሰልኝ!»

«በምን በሬ?» አሉት ቄሱ።

«በቀይ ነዋ! በግንባረ ቦቃ!»

«ጥቁር ነው» አለች ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል። «የኔ ነው፤ ካንተው በሬ ጋር ተጠምዶ።»

«ዘሩም የወንድሜ ነው» አለች ጠጂቱ።

«እኛም ቀንድ ባይኖረን ክንድ ነበረን» አሉ ጎረምሶቹ።

ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። ሙጨ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ሚካኤልስ ሰምቶሃል። ሦስት ጊዜ ላከልህ፣ ሦስት ጊዜ ከደጅህ መለስህ። እምነት እጅ ዘርግቶ መቀበል ነው እንጂ ለእግዜር ቀለም መምረጥ አይደለም። በል፣ ድንጋይ ተሸከምና ይቅርታ ለምን።»

ሙጨ ድንጋዩን በጫንቃው ተሸክሞ ትርንጎ ደጅ ወደቀ።

«እኔስ ምሬሃለሁ» አለችው። «የናቅኸው ግን እሱን ነው» ብላ ወደ በረቷ ጠቆመችው።

ሙጨ ከነድንጋዩ ወደ በረቱ ዞረ። «ማረኝ ጌታዬ» አለው በሬውን። በሬው ቀና ብሎ አየውና ማመንዠኩን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር «ለምኖ የሚመርጥ፣ ተርቦ ይቀመጥ» ይባላል።

ተረቴን ጨረስሁ። ለአፌ ማበሻ ቁራሽ የያዘ ካለ ይምጣ፤ ስንዴ ይሁን ዳጉሳ አልመርጥም።