ከማይነሳው ኮምፒውተር የወጡ መዝሙሮች

አንዲት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት አሮጌ ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዱራሜ መናኸሪያ ቆመች። የሆሳዕና መኪና እስኪሞላ ትጠብቃለች። የሚያውቃት ሁሉ “ምን ይዘሽ ነው?” ይላታል። “የቤት ዕቃ ነው” ትላለች።

የቤት ዕቃ ግን አልነበረም። ምን እንደነበረ ልንገራችሁ።

ባሏ ላሊሶ ይባላል፤ ዘማሪ ነበር። በዚያ አገር ሰርግም ሆነ ለቅሶ ወይም ጉባኤ ቢኖር፣ ላሊሶ ሳይዘምር ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ዜማ ሲመጣለት ክራሩን ይዞ ጓዳ ይገባል። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይቀዳዋል። ከዚያ “ገና ነው፣ ይብሰል” ብሎ ይተወዋል። እንዲህ ሲል ማንም ያልሰማው ብዙ መዝሙር እዚያ ጓዳ ውስጥ ተከማቸ።

ከዚያ ጉሮሮውን ታመመ። አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። ድምፁ ግን አብሮት አልተመለሰም። ቃል ሲያወጣ ይሻክራል፣ መሐል ላይ ይቆረጣል። መዝሙርማ ጭራሽ የማይታሰብ ሆነ።

ከበሽታው ድኖ ከኀዘኑ ያልዳነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ላሊሶ እንዲያ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን አልተወም፤ መዝሙር ሲጀመር ግን ተነሥቶ ይወጣል። ክራሩን ለዘመድ ሰጠ። ኮምፒውተሩም አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ አልነሳ አለ። ሚስቱ “እናሠራው እንጂ” አለችው።

“ተይው፣ ብዙነሽ” አለ። “እኔስ መቼ ተነሣሁ።”

እሷም ተወችው። ምን ትበል?

ታዲያ አንድ ቀን የመዘምራኑ መሪ ፀዳለ ወደ ቤታቸው መጣች። የምስጋና በዓል ደርሷል፤ መዘምራኑ አዲስ መዝሙር የላቸውም። “ጋሼ፣ ያልተዘመረ ብዙ መዝሙር አለዎት ይባላል። ቢሰጡን?” አለች።

“ኮምፒውተሩ ሞቷል” አላት። “መዝሙሩም አብሮት ሄደ።”

ብዙነሽ ከጓዳው በር ላይ ሆና ትሰማ ነበር። ቃሉ አይደለም ያስደነገጣት። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ነው። ላሊሶ ዕረፍት ያገኘ ሰው መሰለ። የገዛ መዝሙሩን ቀብሮ ተገላገልኩ ያለ መሰለ። ወገኖቼ፣ ሰው በደረሰበት ነገር ሲያለቅስ አትፍሩለት። እፎይ ሲል ግን ፍሩለት።

በማግሥቱ እሱ ማሳ እንደወረደ ኮምፒውተሩን አንሥታ ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ ጋ ወሰደችው። ሰውየው አየት አደረገና “ቀላል ነው፣ ዛሬውኑ ይነሳልሻል” አላት። “ፎርማት አደርገዋለሁ።”

“ፎርማት ማለት ምንድን ነው?”

“ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ።”

“መዝሙሩስ?”

“እሱማ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ግን ይነሳል።”

“እኔ የመጣሁት ለኮምፒውተሩ አይደለም” አለችና አቅፋው ወጣች።

መናኸሪያ የቆመችው እንግዲህ ለዚህ ነው። ሆሳዕና ላይ ሙራድ የሚባል ባለሙያ እንዳለ ነግረዋት ነበር። ሙራድ ታሪኩን ሁሉ እስክትጨርስ አዳመጣት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ፈታ፣ አቧራውን ጠረገ፣ መረመረ። ቀና ሲል ፊቱ ደስ አይልም።

“እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይህ ኮምፒውተር ከእንግዲህ አይነሳም። ተቃጥሏል።”

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

“ይቆዩ፣ አልጨረስኩም” አለ። ከኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አንዲት ጠፍጣፋ ዕቃ ፈታና መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያት። “የተቃጠለው ማስነሻው ነው። የባለቤትዎ ሥራ ያለው ግን እዚህች ውስጥ ነው። እሷ ካልተመታች በሌላ ኮምፒውተር ትነበባለች።”

“አልነሳም ብሎ ሳለ?”

“ባይነሳስ? በውስጡ የተቀመጠው የት ይሄዳል?”

ዕቃዋን በገመድ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኛት። ብዙነሽ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ትጸልያለች። ጥቂት ቆይቶ የመዝሙሮቹ ስም ተራ በተራ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ሙራድ አንዱን ነካ፤ አልተከፈተም። ሌላውን ነካ፤ አልተከፈተም። “እነዚህ ተጎድተዋል፣ አልዋሽዎትም” አላት። ሦስተኛውን ነካ።

የላሊሶ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ያ የድሮው ድምፅ። ከበሽታው በፊት የነበረው፣ ያልተቆረጠው። ብዙነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ሙራድም እጁን ከሥራው አንሥቶ እስኪያልቅ አዳመጠ።

“ይህ ሰው አሁን የት ነው ያለው?” አላት።

“ቤት ተቀምጧል” አለች።

የዳኑትን ሁሉ በፍላሽ ገልብጦ ሰጣት። ስትመለስ መኪናው ውስጥ ደስታዋ አላስቀምጥ አላት። ላሊሶ ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን ታያለች፣ የሚላትንም ታስባለች።

ምን ያላት ይመስላችኋል?

ፍላሹን ቴፕ ላይ ሰክታ ከፈተችለት። ትንሽ ሰማና “ዝጊው” አላት። “የሞተ ሰው ድምፅ አታሰሚኝ።” ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረ።

ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ፣ ያንን ሁሉ ተስፋ አድርጋ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ብዙነሽ ግን ካለቀሰች በኋላ ፊቷን ታጠበች፤ ፍላሹን ይዛ ፀዳለ ቤት ሄደች። አልተከራከረችውም። አልወቀሰችውም። መዝሙሩን ወደሚዘመርበት ወሰደችው፣ ሌላ የሠራችው ነገር የለም።

ከሳምንት በኋላ ፀዳለ ከጥቂት መዘምራን ጋር መጣች። “ጋሼ፣ ያለ ፈቃድዎ አንዘምረውም። እናሰማዎትና አይሆንም ካሉን እንተወዋለን” አለችው። ላሊሶ መሬት መሬቱን ያያል።

ጀመሩ። የመጀመሪያው ቤት አለፈ። ሁለተኛው ላይ ዜማው ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ እነሱ ወደ ታች ወረዱ። አንዴ ወረዱ። ሲደግሙትም ወረዱ።

“እዚያ ጋ አይወርድም” የሚል ድምፅ ተሰማ። እጅግ ሻካራ፣ ለመስማት የሚያስቸግር ድምፅ ነው።

ፀዳለ ዞረች። “ምን አሉ ጋሼ?”

“አይወርድም። ይወጣል።”

“እንዴት?”

ሊያሰማት አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ተቆረጠ። አፉን ዘጋ። ብዙነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ታያለች። አሁን ተነሥቶ ይወጣል አለች በልቧ። ላሊሶ ግን እጁን አነሣ። ዜማውን በእጁ አሳያቸው። እዚህ ድረስ ሂዱ፣ እዚህ ጋ ያዙት፣ አሁን ልቀቁት። እነሱም እጁን እያዩ ዘመሩ።

“አልሆነም” አለ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋቸው። “እንደገና።”

ሊሄዱ ሲነሡ “ማክሰኞ ኑ” አላቸው። ብቻ ይህን አላቸው። ብዙነሽ ግን ከዚያ ቃል የሚበልጥ መዝሙር ሰምታ አታውቅም።

የምስጋናው በዓል ቀን ላሊሶ በመዘምራኑ ፊት ቆመ። ከአፉ አንዲት ዜማ አልወጣችም። እጁ ግን ይናገር ነበር፤ ጉባኤው በሙሉ ቆሞ አለቀሰ። በኋላማ እነዚያን የተጎዱትን፣ ሙራድ ሊከፍታቸው ያልቻላቸውን እንኳ፣ ከልቡ እያወጣ ስንኝ በስንኝ አስተማራቸው። ለካ እዚያም ተቀምጠው ነበር።

ወገኖቼ፣ ድምፁ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ኮምፒውተሩም አልተነሣም። ነገር ግን አልነሳ ያለ ሁሉ ባዶ ነው ያላችሁ ማን ነው?

በእናንተስ ውስጥ አልነሳ ያለው ምንድን ነው? ጉልበት ነው? ትዳር ነው? ጸሎት ነው? የድሮ አገልግሎታችሁ ነው? “እኔማ አበቃልኝ” ስትሉ የምትናገሩት ስለ ማስነሻው ነው። እግዚአብሔር ያስቀመጠባችሁን ግን አይታችሁታል? ፈትታችሁ መርምራችሁታል?

ለወደቀ ሰው ፈጥነን “ያለፈውን ሁሉ እርሳ፣ ከባዶ ጀምር” እንላለን። እንዲነሣልን ስለቸኮልን የያዘውን እናጠፋበታለን። ጌታ ግን እንዲህ አይሠራም። አዲስ ሲያደርጋችሁ የገዛ እጁን ሥራ ደምስሶ አይደለም። አንዱ መንገድ ቢቃጠል በሌላ ያወጣዋል። ጉሮሮ እምቢ ቢል በእጅ ያወጣዋል። ያስቀመጠውን ያውቃል፤ ያስቀመጠበትንም አይረሳም።

በቤታችሁስ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው የለም? አባት ይሆናል፣ እህት ትሆናለች፣ ድሮ ያስተማራችሁ ሰው ይሆናል። አትከራከሩት። አትስበኩት። እሱ ድሮ የሰጣችሁን ነገር ይዛችሁ ሂዱና ፊቱ ጀምሩት። አንችልበትም ብላችሁ አትፍሩ። ተሳስታችሁም ቢሆን ጀምሩ።

ያርማችኋል።