ይታክቱና ሦስቱ አራሶች

ይህ ጥላው ሥር የተቀመጣችሁበት ዋርካ ገና ፍየል የምትዘልለው ችግኝ በነበረበት ዘመን፣ በወይራ አፋፍ ይታክቱ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ጥጥ ፈታይ ነበረች። መሬት የላት፣ በሬ የላት። ያላት እንዝርትና ሁለት እግር ነበር።

አንድ ክረምት ይታክቱ ወለደች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ፣ ጭቃው ጉልበት ደረሰ፣ በሯን የገፋ ሰው የለም። ልጇ በስምንተኛው ቀን አረፈ። ይታክቱ አለቀሰች። አልቅሳ አልቅሳ ተነሳች። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ሕፃን በተወለደ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች። ውሃ ትቀዳለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች፣ እናቲቱን ታስተኛለች። ገንፎ ሲያቀርቡላት «የአራስ ገንፎ ለአራሷ ነው» ብላ ትመልሳለች። ምንም አትቀበልም።

ሰው ግራ ገባው። ተከፍሎት የሚመጣ ይታወቃል፤ ገንፎ ሊበላ የሚመጣም ይታወቃል። የማይበላና የማይቀበል ጠያቂ ግን በወይራ አፋፍ ታይቶ አያውቅም። «ልጇ የሞተባት ሴት በሰው ልጅ ላይ ምን ዓይን ልትጥል ነው?» አሉ። ወሬው ለጭቃ ሹሙ ለጓንጉል ደረሰ።

ጓንጉል ነገር ማሳጠር የሚወድ ሰው ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ሦስት ቤት ግቢ» አላት። «ሦስቱም ሕፃናት በደህና ክርስትና ከተነሡ፣ ከዚያ ወዲያ የሚከለክልሽ የለም። ከገባሽበት ቤት አንዱ ቢሞት ግን እንዝርትሽን ይዘሽ ከአገሬ ትወጫለሽ።»

«እሺ ጌታዬ» አለች ይታክቱ። ሌላ ምን ትላለች?

መጀመሪያ የወለደችው የእማማ ስንዱ ምራት አስካለ ነበረች። ይታክቱ ስትገባ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እማማ ስንዱ ለጋ ቅቤ በጣታቸው ሊያስውጡት ይታገላሉ፣ አስካለ ደግሞ የመጀመሪያ ወተቷን መሬት ላይ እያለበች ትደፋለች።

«ይህ ቢጫ ነገር እድፍ ነው፤ ነጩ እስኪመጣ ይደፋል» አሉ እማማ።

ይታክቱ አልተከራከረችም። ከወዲያ ጥግ የታሰረችውን ላም አየች።

«እማማ፣ ላሚቱ መቼ ወለደች?»

«ትናንት። ጥጃው እንዴት ያለ መሰለሽ!»

«እንገሯንስ ደፉት?»

«ምን ነካሽ! እንገር ይደፋል? ጥጃው በምን ሊቆም ነው?» አሉ። ጥጃውን አዩ። ሕፃኑን አዩ። ከዚያ በምራታቸው ላይ ጮኹ፦ «ምን ታፈጥጫለሽ? አጥቢው እንጂ! የልጄ ልጅ ከጥጃ ያንሳል?»

አንዱ ቤት በዚህ አለፈ።

ሁለተኛዋ የማር ነጋዴው የዘርጋው ሚስት ፈንታነሽ ነበረች። እዚያ ቤት ሰው አይጠፋም። ጠላው ይቀዳል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ጠያቂው ከጧት እስከ ማታ ይጎርፋል። ፈንታነሽ አምስት ቀን አልተኛችም። ዓይኗን ስትከድን አንዱ ይገባና «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብሎ ያነቃታል። ወተቷ ሊነጥፍ ደርሷል።

ይታክቱ በሩ ላይ ቆመች። ለመጀመሪያዋ ጠያቂ እንስራ ሰጠቻት፤ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ውሃ አልቋል» አለቻት። ለሁለተኛዋ የሕፃኑን ጨርቅ ሰጠቻት፤ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ወንዙ ቅርብ ነው።» ለሦስተኛው ምሳር ሰጠችው። ያን ጊዜ ጠያቂው ሁሉ ጉዳዩ ትዝ ይለው ጀመር። አንዷ እሳት ላይ የጣደችው ባቄላ ትዝ አላት። አንዱ በሬው እንደጠፋበት አስታወሰ፤ በሬ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። የወደዱ ቀርተው ሠሩ፤ ሥራ የጠሉ ሄዱ።

ዘርጋው ከገበያ ሲመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። «እንግዶቼን አባረርሽ! ስሜን አጠፋሽ!» አለ።

«ቀስ ይበሉ፣ ያዳምጡ» አለችው።

አዳመጠ። ፈንታነሽ ታንኮራፋለች። ዘርጋው ፈገግ አለ፣ ጫማውን አወለቀ፣ በጣቱ እየረገጠ ወጣ። ማታውን እንስራ በጀርባው አዝሎ ከምንጭ ሲመለስ መንደሩ ሁሉ ሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ።

ሁለተኛውም ቤት በዚህ አለፈ። አንድ ቀረ።

ሦስተኛዋ የወለደችው የጭቃ ሹሙ የራሱ ሚስት አምሳለ ነበረች። ወንድ ልጅ፣ ሰባተኛዋ ነው። ይታክቱ ስትሰማ ሳቀች። «እሷማ ለምዳዋለች፤ እኔን ታስተምረኛለች እንጂ» አለች። ጓንጉልም መንደሩም «ለምዳዋለች» አሉ። ይታክቱ ጥጧን መፍተል ያዘች። አንድ ቀን ሄደ፣ ሁለት ቀን ሄደ፣ አምስት ቀን ሄደ።

በስድስተኛው ቀን ጎረቤቷ ብርቄ ምንጭ ላይ አገኘቻት።

«ሰማሽ? የጭቃ ሹሙ ልጅ አይጠባም። እናቲቱም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች፣ አትናገርም። እሰይ፣ እንኳን አልገባሽ! ሌላ አራስ ጠብቂ። ዛሬ ገብተሽ ነገ ቢሞት ባንቺ ነው የሚላከከው።»

ብርቄ እውነቷን ነበር። ይታክቱ ቆመች። ካልገባች አገሯ አገሯ ነው። ከገባች ግን አገሯ በአንድ ሕፃን ትንፋሽ ላይ ይንጠለጠላል። «ስድስት ቀን» አለች በልቧ። የሷ ልጅ ስምንት ነበር የኖረው። እንስራዋን እዚያው ጥላ ሮጠች።

ጓንጉል ደጁ ላይ ቆሟል። «ቃሌን ታውቂያለሽ» አላት።

«አውቃለሁ ጌታዬ። በሩን ይልቀቁልኝ።»

ለቀቀላት።

እሳቱ ጠፍቷል። ሕፃኑ ድምፁ ደክሟል። ይታክቱ እሳት አነደደች፣ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አሞቀችው።

«እመቤቴ፣ ምን ልርዳዎ?»

«ምንም» አለች አምሳለ ወደ ግድግዳው።

«ውሃ ልቅዳ?»

«ልጆቼ ይቀዳሉ።»

«ስለ ማጥባቱስ…»

«ስድስት አጥብቻለሁ።»

ይታክቱ የምታውቀው አለቀ። ስለዚህ ሕፃኑን እንዳቀፈች አጠገቧ ተቀመጠች። ፀሐይ ዘወር እስክትል ተቀመጠች። ያን ጊዜ አምሳለ ተናገረች።

«ለመጀመሪያው ልጄ ሃያ ሰው መጣ። ለሦስተኛው አምስት። ለዚህ የመጣችው ዶሮዋ ብቻ ናት። እሷም እንቁላል ልትጥል ነው።»

ይታክቱ ሳቋ አመለጣት። ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። አምሳለ ከግድግዳው ዞረች፣ አየቻት፣ እሷም ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ መጣ። ብዙ አለቀሰች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ይታክቱ። «ለምደዋል ብዬ ቀረሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጄን ስጪኝ» አለች አምሳለ።

ልጁ ወዲያው እሺ አላለም። ወተቱን በጣት፣ ጠብታ በጠብታ ሰጡት። ሰባተኛው ቀን እንዲሁ አለፈ። በስምንተኛው ቀን ይታክቱ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ትንፋሹን አዳመጠች። ጓንጉል ደጅ ላይ ይመላለሳል። ረፋድ ላይ ልጁ ጡቱን ያዘ፣ ጎተተ፣ እናቱን «ወይኔ!» አሰኛት። እንዲህ ያለ ደስ የሚል «ወይኔ» በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም።

በአርባኛው ቀን ልጁ ክርስትና ተነሣ። ጓንጉል ይታክቱን በሰው ፊት አቆማት። «ምን ልስጥሽ?» አላት።

«ለኔ ምንም። ግን እርስዎም እኔም ‹ለምዳዋለች› ስንል ያቺ ሴት ብቻዋን ቀርታ ነበር። ይህ ቃል በወይራ አፋፍ ይቅር።»

ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር አራስ ልትጠይቅ የምትገባ መጀመሪያ ትሠራለች፣ ገንፎውን አትነካም። ብዙ ለወለደች ደግሞ ብዙ ሰው ይገባል። አንዱ ስለ ሌላው «ተወው፣ ለምዶታል» ካለም ሽማግሌዎቹ ይቆጡታል፦ «ለበኩሩ ሂድ፤ ለሰባተኛው ሩጥ!»

ባለፈው ሳምንት የታችኛው መንደሯ ዘነቡ ዘጠነኛዋን ወለደች። በዚያ ሁሉ ጭቃ አሥራ አንድ ሰው ሲሮጥ ነበር። ሁለቱ ወድቀዋል።