ግልባጭ ለአዞው

አንደበቷ የሰላ አንዲት ጀልባ ቀዛፊ በኦሞ ወንዝ ላይ መቅዘፍ ለሚሹ መንገደኞች መመሪያ መጽሐፍ ጻፈች። ራሷ አሳትማ ራሷ እያዞረች ትሸጠው ነበር። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ «እዚህ አሸዋ ላይ እንዳትወርዱ፣ አዞ አለ» ይላል።

የቱሪዝም ኃላፊው አቶ ደምረው ይህን ሲያነቡ ደማቸው ፈላ። አስጠሯትና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ወረወሩላት።

«የአካባቢያችንን ገጽታ አበላሽተሻል! በዚህ ደብዳቤ መሠረት አዞው ከዛሬ ጀምሮ ከመጽሐፉ ተሰርዟል። እምቢ ካልሽ መጽሐፍሽ ይታገዳል!»

ሴትዮዋ ደብዳቤውን እስከ ማኅተሙ አነበበች፤ ገልብጣም ጀርባውን አየችው።

«ጌታዬ፣ ትእዛዝዎን እፈጽማለሁ። ግን ከሥሩ ‹ግልባጭ፦ ለአዞው› የሚል አላየሁም። እሱ መሰረዙን ሳያውቅ እንዴት ይሆናል?»

«ምን ትላለች ይቺ!»

«ጀልባዬ ዝግጁ ናት፤ እኔው እቀዝፍልዎታለሁ። አሸዋው ላይ ይውረዱና ደብዳቤውን ሰጥተው መዝገብ ላይ ያስፈርሙት። ከፈረመልዎ ገጹን እዚያው እቀደዋለሁ። ካልተመለሱ ደግሞ በሁለተኛው እትም ላይ ስምዎን በማስረጃነት አሰፍራለሁ።»