«አላውቅም» ያለው በረኛ

ወገኖቼ፣ አንድ በረኛ ነበረ። ስሙን አልጠራም። ከአሁኑ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ፈገግታችሁን ለጊዜው ያዙልኝ። ታሪኩ የሚያስቅ አይደለም፤ ወይም ያስቅ ይሆናል፣ እኔ እንጃ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳወጣ ሳወርደው ቆይቼ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አልጠራልኝም።

ልጁ የመምህራን ኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ነው። የዘንድሮውን የኮሌጆች ውድድር መቼም አትረሱትም። በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ለባዶ ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ ምን እንደነካን አይታወቅም፣ ስምንት ጨዋታ ሳንሸነፍ ሄድን። ባጃጆቹ ሁሉ የኮሌጁን አረንጓዴ ጨርቅ አሰሩ። የረቡዕ ጸሎታችን በጨዋታ ምክንያት ወደ ሐሙስ ሲዛወር «ተዉ፣ ነውር ነው» ያለ አንድ ሽማግሌ አልነበረም። እኔስ ብሆን? ዝም ነው ያልኩት። እንዲያውም በተጋጣሚያችን ኮሌጅ እንደኛው ተንበርክከው የሚጸልዩ ልጆች እንዳሉ እያወቅሁ «ጌታ ሆይ፣ ድሉን ለእኛ!» ብዬ ጸልያለሁ። ጌታ ያን ጊዜ ምን እንዳለን አላውቅም።

ከቡድኑ ሁሉ ስሙ የገነነው ደግሞ ይህ በረኛ ነበር። ለምን? በሦስተኛው ጨዋታ ኳስ ወጣች፤ ዳኛው ለእኛ ፈረደ። ልጁ እጁን አንሥቶ «ጋሼ፣ እኔን ነክታ ነው የወጣችው» አለ። በራሱ ላይ ኮርነር አስፈረደ! ከተማው ጉድ አለ። «ጴንጤው አይዋሽም» ተባለ። በዚያው እሁድ እዚህ መድረክ ላይ አቁመን አጨበጨብንለት። የግቢው የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረትም ለመጪው ዓመት መሪ እንዲሆን መረጠው። ከዚያ ኮርነር ጎል አልገባብንም ነበራ! ምንም ሳታስከፍል እውነት እንዴት ትጣፍጣለች!

የመጨረሻው ጨዋታ መጣ። አቻ ብንወጣ ዋንጫው የእኛ ነው። ዝናብ። ሜዳው ጭቃ። በኖራ የተሰመረውን መስመር ውሃው ግማሹን አጥቦታል። ባዶ ለባዶ ሆኖ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ኮርነር ተመታብን። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ልጁ ኳሷ ላይ ተዘርሮ በሆዱ ሸሸጋት፤ በላዩ ላይ አምስት ሰው ተከመረ። ያኛው ወገን «ገባች!» ይላል። የእኛ ወገን «አልገባችም!» ይላል። የመስመር ዳኛው ተንሸራቶ ወድቆ ስለነበር እሱም አላየም።

ዳኛው ግራ ገባው። ግራ የገባው ሰው ምን ያደርጋል? የሚያምነውን ሰው ይጠይቃል። ወደ ልጁ ሄደ።

«ስማ፣ አንተ አትዋሽም አሉ። ገብታለች ወይስ አልገባችም?»

ልጁ ከፊቱ ላይ ጭቃውን ጠረገ። መስመሩን ፈለገ፤ መስመር የለም።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እንዴት አታውቅም? ሆድህ ሥር አይደለችም እንዴ?»

«ሆዴ ሥር ናት። እኔ ራሴ የት እንደነበርኩ ነው ያላወቅሁት።»

ዳኛው ትንሽ አሰበ። «ባትገባ ኖሮ አልገባችም ትል ነበር» አለና ፊሽካውን ነፋ። ጎል! አንድ ለባዶ። ዋንጫው በሰው አውቶቡስ ተጭኖ ሄደ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ልጁ ምን አጠፋ? አሰልጣኝ ሎምቤቦ «አውቆ ነው ወይስ ፈርቶ?» እያሉ መልበሻ ክፍሉን ሲዞሩት አመሹ። ጓደኞቹ «ሸጠን» አሉ። የእንግዳው ኮሌጅ ደጋፊዎች ደግሞ «ጴንጤው ሊዋሽ ሲል ምላሱ ታሰረ» ብለው ሳቁ። «አልገባችም» ቢል ጀግናችን ነበር። «ገብታለች» ቢልም ተናደን ተናደን ሲበርድልን ቅዱስ እንለው ነበር። «አላውቅም» ላለ ሰው ግን መቀመጫ የለንም። በዚህ ቤት እንኳ የለንም።

የኅብረቱ መሪነት «ነገሩ እስኪለይ ይቆይ» ተባለ። ጋሽ ሄራሞ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ (ጋሼ፣ አስፈቅጄዎት ነው የምናገረው)፣ «የክርስቲያን ቃል አዎን ወይም አይደለም ነው! አላውቅም ብሎ ነገር ምንድን ነው? ኳሷ አልገባችም፤ እምላለሁ!» አሉ። ያን ቀን ጋሽ ሄራሞ የት ነበሩ? ለቅሶ። አርባ ኪሎ ሜትር ርቀው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ኳሷን አዩዋት!

ባለፈው ማክሰኞ ልጁ ቢሮዬ መጣ። ከስቷል።

«ፓስተር፣ ኮሌጅ ልቀይር ነው» አለኝ። «ኅብረቱም ይቅርብኝ።»

«ምን አመጣው? እሁድ መድረክ ላይ ውጣና ‹አልገባችም› በል። ነገሩ እዚያው ያልቃል።»

«እርስዎ አይተዋል?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

«እንግዲያው እርስዎ ይናገሩ፣ ፓስተር። እኔ ከተናገርኩት ውሸት ነው የሚሆነው። ሁሉም ሰው አይቷል። ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ኳሷ ግን እኔ ሥር ነበረች።»

ብሎኝ ወጣ። ተናደድኩ፤ አልደብቃችሁም። ግትር ልጅ ነው አልኩ። አንዴ «አይቻለሁ» ብዬ የለ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጢሜን እየተላጨሁ «ቆይ፣ ያን ቀን የቆምኩት የት ነበር?» አልኩ። ከጎሉ ጀርባ። ትክክል። ከፊቴ ማን ነበር? አንዲት ሴት፣ ትልቅ ጃንጥላ ዘርግታ። ወገኖቼ፣ እኔ ያየሁት ጃንጥላ ነው! ኳስ የሚባል ነገር አላየሁም። ምላጩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያስደነገጠኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም። ስዋሽ እየዋሸሁ እንደሆነ አለማወቄ ነው። እውነቴን ነበር የሚመስለኝ።

ታዲያ ሌላስ? ሌላስ ምን ምን አይቻለሁ ብዬ ነበር?

እማማ ኤርጎጌን ታውቋቸዋላችሁ። ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈው። ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። አምና እጄን ያዙና «በሕይወት አለ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አልኩ? «አለ፣ እማማ። ጌታ አሳይቶኛል።» ምን አሳየኝ? ምንም! እንባቸው ቶሎ እንዲቆምልኝ ፈልጌ ነው።

ትናንት ቤታቸው ሄድኩ። «እማማ፣ አላየሁም። አላውቅም» አልኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «አንተም እንደ እኔ ነህና!» አሉኝ። «እኔ ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እምነት ያነሰኝ እኔ ብቻ ነኝ ስል ነበር። በል ቁጭ በል፤ አብረን እንጠብቅ።» አብረን ተቀመጥን። ወገኖቼ፣ እኚህ እናት አንድ ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ነበሩ። ብቻቸውን ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ይህን እንድነግራችሁ የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው።

እናንተስ? የታመመ ስትጠይቁ ምን ትላላችሁ? «በዚህ ሳምንት ይነሣል» ትላላችሁ። ማን ነገራችሁ? የሰው ልጅ ፈተና ሲወድቅ «ስላልጸለየ ነው» ትላላችሁ። አይታችኋል? ባልና ሚስት ሲጋጩ የአንዱን ብቻ ሰምታችሁ ትፈርዳላችሁ። እዚያ ነበራችሁ? ከመካከላችሁ ስንቱ ነው ግራ ገብቶት፣ ግራ መግባቱን ደብቆ፣ «አሜን» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄደው? እምነት ማለት ለሁሉ ነገር መልስ መያዝ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንጃ። ምናልባት «አላውቅም» እያሉ ከእግዚአብሔር ፊት አለመሸሽ ይሆናል። ይህንንም ቢሆን አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም።

እንግዲህ የዛሬው ፕሮግራም ከስብከቱ በኋላ ያ ወጣት እዚህ ወጥቶ ስለ ኳሷ እንዲናገር ይላል። ማክሰኞ ዕለት በንዴቴ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ታሪኩን ላወራ እንደሆነ በጓደኛው ልኬበት ነበር፤ መልስ አልላከልኝም። ግን መጥቷል። ከኋላ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። መምጣቱ «እሺ» ማለት ይሁን ሊሰናበተን ይሁን አላውቅም። አትዙሩ! ተዉት።

ልጄ፣ አንተ ተቀመጥ። የምታውቀውን ያህል ዳኛው ፊት ተናግረሃል። ዛሬ የምንነሣው ሌሎቻችን ነን።

ያላያችሁትን አይተናል ብላችሁ በዚህ ልጅ ላይ የማላችሁ፣ በሰው ኀዘን ላይ የማታውቁትን እናውቃለን ያላችሁ፣ እስቲ ከመቀመጫችሁ ተነሡ። አጠገባችሁ ያለውን አትዩ። አትቸኩሉ፤ እጠብቃችኋለሁ። እኔ እንደሆንኩ ቆሜያለሁ።