ከከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት ስለ ታሰረው ስለ ላእከ ማርያም

የአምላክ እናት፣ ለተጣሉት መጠጊያ የሆነች ድንግል ማርያም ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ጸሎቷ አእምሯቸው ለታወከ፣ በየአጥሩ ሥር ለሚያድሩ፣ ቆመን ለምንሰማውም ሁሉ ትድረስ፤ አሜን።

በአንዲት የእመቤታችን ደብር አጠገብ ላእከ ማርያም የሚባል ብራና ፋቂ ነበር። ይህም ሰው እመቤታችንን አብዝቶ ይወዳት ነበርና በየማለዳው ከደጀ ሰላሙ ቆሞ «ሰላም ለኪ» ሳይል፣ መድረኩንም ሳይሳለም ሥራውን አይጀምርም ነበር። ከዚያም በጎልማሳነቱ ጽኑ ደዌ አገኘው፤ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ ጀመር፣ ድምፁም ቀን ከሌት ይሰድበው ነበር። ዘመዶቹ ጥቂት ታገሡትና ኋላ ሰለቹት፤ ልብሱ በላዩ አለቀ፣ ቤቱም ፈረሰና ከአጥር አጥር እያለ ከውሾች ጋር ያድር ነበር። የእናቱን ስም እንኳ ሲረሳ ግን ያችን የማለዳ ሰላምታ አልረሳትም።

በዚያም አገር ወንበዴዎች ነበሩና የመንደሩ ውሾች ላእከ ማርያምን ለምደው እንደማይጮኹበት አዩ። ቆሎም ሰጥተው «ውሾቹን ዝም አሰኝልን» አሉት፤ ርቦት ነበርና እሺ አለ። እርሱ ውሾቹን ሲደባብስ እነርሱ ጓንጉል ከሚባል ገበሬ በረት ጥማድ በሬዎቹን ነድተው ሄዱና እርሱ ብቻ ከበረቱ ደጃፍ ተያዘ። የእርሻም ወራት ደርሶ ነበርና ጓንጉል በቁጣ ነዶ ከዳኛ ፊት አቆመው። የዚያ ዘመን ሕግ የሌባን ቀኝ እጅ ያስቆርጥ ነበር። ዳኛውም «ፍርዱ ከእመቤታችን በዓል በኋላ ነው፤ እስከዚያ ተቆራኙ» አለ፤ በአገሩ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰሩ ነበርና።

ጓንጉልም እስረኛውን እየጎተተ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሚስቱ ግን ከደጅ ቆማ «እርሱን ይዘህማ ከልጆቼ መሀል አትገባም» አለችው። እንግዲህ ከሳሹም ከአጥር ሥር አደረ። በገበያም ሲያልፉ ሰዎች እብዱን በድንጋይ ወገሩት፣ ድንጋዩም ከሳሽና ተከሳሽ ብሎ አልመረጠምና የጓንጉል ግንባር ደማ። ምእመናን ሆይ፣ ከእናንተም መካከል በሽተኛ ላይ እጁን ያነሣ ይኖራልና ይህን ደኅና አድርጎ ይስማ። ጓንጉል ግን ገና ልቡ አልራራም፤ ማለዳ ማለዳ ወደ ደብሩ ሲጎተት ያችን ሰላምታ እየሰማ «አስመሳይ ነው፣ እጁን ሊያተርፍ ነው» ይል ነበር።

በበዓሉም ዋዜማ በቀትር ድምፁ በላእከ ማርያም ላይ ጸናበትና «ዝለል» አለው፤ እርሱም ወደ ገደሉ ሮጠ። ጓንጉል ከአፋፉ ላይ አንድ ቁጥቋጦ ይዞ ቀረ፣ ከታች ላእከ ማርያም በሰንሰለቱ ተንጠልጥሎ ጆሮውን በአንድ እጁ ደፍኖ ያለቅስ ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንዲሉ፣ ከማዶ የነበሩት ቆመው ያዩ ነበር እንጂ አንድ ስንኳ አልመጣም። ጓንጉልም የዚያን ሰው ለቅሶ ሲሰማ ልቡ ራራና «እመቤቴ፣ ይኸ ሰው እውነትም ታሟል፤ በድዬዋለሁ፤ ሁለታችንንም ያዢን» አለ።

ያን ጊዜ እንስራ ያዘለች ሴት ከወንዙ መጣች፤ እንስራዋንም አስቀምጣ ሰንሰለቱን በአንድ እጇ ይዛ ጥጃ እንደምትስብ ሴት ሁለቱንም ወደ ላይ ሳበቻቸው። ከዚያም የላእከ ማርያምን ፊት በውኃ አጥባ «በየማለዳው ሰላም ስትለኝ ሰምቼሃለሁ፤ የሚሰድብህ ድምፅ የልጄ ድምፅ አይደለም» አለችው፤ ወደ ጓንጉልም ዘወር ብላ «አንተም አትልቀቀው» አለችና ከዓይናቸው ተሰወረች። የላእከ ማርያምም ልቡ ተመለሰ፤ ሁለቱም በምድር ላይ ወድቀው ሰገዱ።

በፍርዱም ቀን ላእከ ማርያም «ጌታዬ፣ ውሾቹን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ፤ ርቦኝ ነበር፤ ፍርዱ ይገባኛል» ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋ። በአንድ ሰንሰለት ነበሩና የጓንጉልም እጅ አብሮ ተዘረጋ። ጓንጉልም «ምሬዋለሁ፤ ፍቱት» አለ። ዳኛው «ቤት የለው፣ ዘመድ የለው፤ ዋሱ ማን ነው?» ቢለው «እኔው ነኝ» አለ። ሸንጎውም ከሳሽ ለተከሳሹ ዋስ ሲሆን አይቶ አያውቅም ነበርና ተደነቀ። ከዚያም ጓንጉል ወደ ቤቱ ወሰደው፣ ሚስቱም የሆነውን ሁሉ ሰምታ ከምድጃው አጠገብ ቁርበት አነጠፈችለት፤ ላእከ ማርያምም ብራናውን እየፋቀ፣ እመቤታችንንም እያመሰገነ በዚያ ኖረ።

ድምፁ ግን አንዳንድ ክረምት ይመለስበት ነበር፤ ያን ጊዜ ጓንጉል እስኪያልፍለት ድረስ እጁን ይዞ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤቶቹም «እመቤታችን ስለ ምን ፈጽማ አላዳነችውም?» ብለው ቢጠይቁት ጓንጉል «የእርሱን እርሷ ታውቃለች፤ እኔን ግን አድናኛለች» አላቸው።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ በልባችሁ ከሚጮኽ ክፉ ድምፅ ትጠብቃችሁ፤ የታመመውን ከደጃችሁ እንዳትመልሱ ዓይናችሁን ታብራ፤ በጨነቃችሁም ቀን እጃችሁን የሚይዝ ሰው አታሳጣችሁ፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።