የደራሽ መንገድ

አንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት ከባሕር ማዶ ተነስቶ፣ ከተራራ ግርጌ ወዳለች አንዲት የቆላ መንደር መጣ። ስሙ ሄንድሪክ ነው። የመንደሩ ሰው ግን ምላሱ አልገራ ሲለው «እንድሪስ» አለው፤ እሱም ወደደው። የመጣው ትምህርት ቤት ሊሠራና ሊያስተምር ነበር። ልጆቹ እስከዚያ ድረስ የሚማሩት በአንድ ሾላ ጥላ ሥር ስለነበር፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ትምህርቱም አብሯቸው ይበተናል።

ሄንድሪክ ሰነፍ አልነበረም። ከመምጣቱ በፊት አገሩ ላይ ሆኖ አማርኛ ተምሯል፤ ጎበዝም ነው። አንዲት ጉድለት ግን ነበረችበት። የሰማው ነገር ግር ሲለው ሰው ከመጠየቅ ይልቅ በሚያውቀው ይተረጉመዋል።

ለትምህርት ቤቱ ቦታ ሲፈልግ ዓይኑ ከመንደሩ በታች ባለ ለጥ ያለ አሸዋማ ሜዳ ላይ አረፈ። ማሳ የለበት፣ ጎጆ የለበት፣ አጥር የለበት። መሬት በጥማድ ተለክቶ ወንድም ከወንድሙ በሚካሰስበት አገር እንዲህ ያለ ቦታ ባዶውን መቀመጡ ገረመው። ሽማግሌዎቹን እዚህ ብሠራስ አላቸው። እነሱም እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ መንደር እንግዳን «አይሆንም» ማለት ከእጁ ጉርሻ እንደመንጠቅ ይቆጠራል። ስለዚህ ነገሩን አለስልሰው እንዲነግሩት አያ አሊጋዝን ላኩ።

አያ አሊጋዝ የመንደሩ አስታራቂ ናቸው። ጥፋተኛውን እንኳ «አጠፋህ» አይሉትም፤ «ነገሩ ትንሽ ዘንበል ብሏል» ነው የሚሉት። ወጣቱን ሜዳው ላይ በገመድ ሲለካ አገኙት። ስለ ጤናው ጠየቁት፣ ስለ እናቱ ጠየቁት፣ ስለ አገሩ ዝናብ ጠየቁት፣ ተመልሰው ስለ ጤናው ጠየቁት። በመጨረሻ ምርኩዛቸውን አሸዋው ላይ ተከሉና ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ልጄ እንድሪስ፣ ይሄ እኮ የደራሽ መንገድ ነው።»

በዚያ አገር ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ የቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከተራራው ተንደርድሮ የሚወርድ ጎርፍ አለ። ደራሽ ውሃ ይሉታል። አፋቸው ስለለመደው «ውሃ» የምትለዋን ይተዉና «ደራሽ» ብቻ ይላሉ። ሄንድሪክ ግን ይህን ቃል የተማረው ከመጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ደራሽ ማለት በክፉ ቀን ለሰው የሚደርስ፣ አለሁ ባይ ማለት ነው ይላል። መጽሐፉም አልዋሸም፤ ቃሉ ሁለቱንም ነው። ወጣቱ ሽማግሌው ያመሰገኑት መስሎት ፊቱ በራ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና መለሰ።

«አዎ፣ አያ አሊጋዝ። እኔም ደራሽ ነኝ።»

ሳይጠሩት አቤት ይሏል ይህ ነው። አያ አሊጋዝ ክው አሉ። ጎርፍ አለ ሲሉት «እኔም ጎርፍ ነኝ» ያላቸው ሰው በዕድሜያቸው አላጋጠማቸውም። ትንሽ ቆይተው ግን እንዳልገባው ገባቸው። አንዲት ቃል ቢጨምሩ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ያን ያህል የበራን ፊት ማጨለም ግን ከበዳቸው፤ ይሉኝታ አፋቸውን ያዘው። እንግዲህ አላህ ያውቃል ብለው ተመለሱ።

መንደሩ ተሰብስቦ ምን አለ ሲላቸው፣ «እኔም ደራሽ ነኝ አለ» ብለው እንደሰሙት ተናገሩ። ክርክር ሆነ። አንዱ፣ ፈረንጅ ተራራ በስቶ መኪና የሚያሳልፍ ፍጡር ነው፣ ውሃ ማቆም አያቅተውም አለ። ሌላው ደግሞ፣ ደግመን ብንነግረው ቅር ይለውና ትምህርት ቤቱን ለወዲያኛው መንደር ይሰጥብናል አለ። ይህን ጊዜ ሁሉም ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር መንደሩን ዝም ያሰኘው ይሉኝታ ብቻ አልነበረም፤ የቆርቆሮ ጣሪያም አምሮት ነበር። አንድ አዛውንት «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው ጉባኤውን ዘጉት።

ትምህርት ቤቱ ተሠራ። ወንዱም ሴቱም ድንጋይ ተሸከመ፣ አያ አሊጋዝም በሽምግልናቸው ጭቃ ረገጡ። በምረቃው ቀን ሄንድሪክ በገዛ እጁ ቀለም የቀባውን ሰሌዳ ከበሩ በላይ ሰቀለ። አያ አሊጋዝ ፊደል አልቆጠሩምና አጠገባቸው የቆመችውን የልጃቸውን ልጅ ሐዋን ምን ይላል ብለው ጠየቋት።

«ደራሽ ትምህርት ቤት ይላል፣ አባባ» አለቻቸው።

አያ አሊጋዝ ቀና ብለው ተራራውን አዩ። ማንበብ የሚችለው ሰው ለማይችለው በጆሮው እየነገረ ቃሉ ሕዝቡን ዞረው። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ሁሉም እንደ ደነገጠ ቆመ፣ ማንም ግን አልተናገረም። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌላውም ተከተለ። አያ አሊጋዝም አጨበጨቡ።

ክረምቱ አለፈ፣ ሌላም ክረምት ተከተለ፤ ጎርፉ አልመጣም። «እንድሪስ ስሙን ቢወስድበት ጎርፉ አፍሮ ቀረ» እያለ ሰው መቀለድ ጀመረ። አያ አሊጋዝ ግን አልቀለዱም። ሐዋ ደብተሯን ይዛ ቁልቁል በወረደች ቁጥር ዓይናቸው ተራራው ላይ ነበር የሚውለው። ልጅቷን ከትምህርት እንዳያስቀሯት ሰው ምን ይላል፤ እንዳይልኳት ደግሞ የሚያውቁትን ያውቃሉ። ልከው ይጨነቁ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ፣ የመንደሩ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋው ጠቁሮ አዩ። ትንሽ ቆይቶ ብዙ ከብት አንድ ላይ ሲሮጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። አያ አሊጋዝ ምርኩዛቸውን ጥለው ቁልቁል ሮጡ፤ እየሮጡም «ደራሽ መጣ! ደራሽ መጣ!» እያሉ ጮኹ።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ከየወንበራቸው ብድግ አሉ። ሄንድሪክም ሰማ። መጻሕፍት ይዘው ይመጣሉ የተባሉ እንግዶችን ሲጠብቅ ሰንብቶ ስለነበር፣ ረዳቶቹ ደረሱ ብሎ ደስ አለው። ልጆቹ እየተጋፉ ወደ በሩ ሲሮጡ ግን ሥርዓት የጣሱ መሰለው። በሩ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋና እንግዳ የሚቀበሉት በሰልፍ ነው፣ ተራ ያዙ አላቸው። እነሱ «ደራሽ ነው፣ ደራሽ ነው» ይላሉ። እሱ ፈገግ ብሎ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ይላል።

አያ አሊጋዝ ሲደርሱ ያዩት ይህንን ነው። ጎርፉ ከላይ ያጓራል፣ ልጆቹ በሩ ላይ ተፋፍገው ያለቅሳሉ፣ ሐዋ ከሁሉም ፊት ናት፤ ያ ደግ ሰው ደግሞ በሩን በእጆቹ ዘግቶታል። ሽማግሌው የወጣቱን ክንድ ጨምድደው ይዘው ያን ጊዜ የዋጧትን ቃል አወጧት።

«ውሃ ነው! ደራሽ ውሃ ነው፣ ልጆቹን ልቀቅ!»

ሄንድሪክ ዞሮ ቀዩን ውሃ አየ። እጁ ወደቀ። ትንንሾቹን በብብቱ አቅፎ ሮጠ፤ ሽማግሌውም ሐዋን ጎትተው ሮጡ። የመጨረሻዎቹ ልጆች ዳገቱን ሲይዙ ጎርፉ ሜዳው ላይ ደረሰ። ትምህርት ቤቱ አልዘመመም፣ አልተሰነጠቀም፤ በቁሙ ሄደ። ሰሌዳው ጥቂት ተንሳፍፎ ታየና እሱም ጠፋ።

ዳገቱ ላይ ወላጅ ሁሉ ልጁን በስሙ እየጠራ ዳሰሰ። የጠፋ አልነበረም። ሄንድሪክ መሬት ላይ ተቀምጦ በሩን የዘጋባቸውን እጆቹን ያይ ነበር።

«አያ አሊጋዝ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬህ ነበር። የደራሽ መንገድ ነው ብዬህ ነበር።»

«እኔን የጠሩኝ መስሎኝ ነበር።»

አያ አሊጋዝ እዚህ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። ጥፋቱን በቃሉና በመጽሐፉ ላይ ማላከክ አይከብድም። ሐዋ ግን ጉልበታቸውን አቅፋ ቆማ ነበር።

«እንዳልገባህ ገብቶኝ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ደስ ያለውን ፊትህን አይቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ወጣቱ ቀና ብሎ አያቸው።

«ሰሌዳውን ስሰቅል እኔም ፊታችሁን አይቼ ነበር» አለ። «ምን ሆናችሁ ብዬ አልጠየቅሁም።»

ወዳጄ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። አንዱ ለመርዳት ቸኩሎ ሳይጠይቅ ቀረ፤ ሌላው ላለማሳፈር ብሎ ሳይናገር ቀረ። ደግነትና ይሉኝታ ተጋግዘው ልጆችን በጎርፍ ጉሮሮ ውስጥ አስቀመጡ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሆናል፤ ደራሽ ግን ገብቶ ነበር። ሳይጠይቅ የሚደርስ ውሃ ብቻ ነው። ሰው ለሰው ሊደርስ ሲነሳ ይጠይቅ፤ የሚደረስለትም ሳይረፍድ አፉን ይክፈት።

አንተስ የሰው ፊት አይተህ የዋጥካት ቃል የትኛዋ ናት? በእሷ መንገድ ላይስ ዛሬ የማን ልጅ ተቀምጧል?