የኬላ ቤሳ

ስንዱ የምትባል፣ ለገበሬዎች በስልክ የአየር ጠባይ ምክር የምትሰጥ ሴት ወደ መምህሯ መጥታ ጠየቀች፦

«የኔታ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ፕሮግራም አለኝ። የዝናብ መረጃ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ሲዞር በየደረሰበት ጥቂት ሳንቲም ክፈል ይሉታል። ራሱ ይክፈል ወይስ በየጊዜው እኔን ይጠይቀኝ? ገንዘቤን እንዳያጠፋብኝ ፈራሁ።»

የኔታም እንዲህ አሏት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ ነጋዴ ነው። ያመነው አሽከር ዘርፎት ስለጠፋ፣ ከዚያ ወዲህ የገንዘብ ከረጢቱን ለሰው አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሴት ልጁ በብርቱ ትኩሳት ወደቀች። መድኃኒቷ ከወንዝ ማዶ ካለ አዋቂ ዘንድ ነበርና አዲሱን አሽከሩን ላከ። የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ቋጥሮ ሰጠውና «ሌላ ወጪ ከመጣ ተመልሰህ ጠይቀኝ» አለው።

አሽከሩ መጀመሪያው ኬላ ሲደርስ ጠባቂው ማለፊያ አንድ ቤሳ ጠየቀው። የግማሽ ቀን መንገድ ተመልሶ ለጌታው ነገረ፤ ቤሳዋ ተሰጠችው። በሁለተኛው ኬላም ቤሳ ተጠየቀ፤ አሁንም ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ወንዙን ሳይሻገር፣ አቧራ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆመ። የልጅቱ እናት ባየችው ጊዜ ወደ ባሏ ዞረች።

«ልጄን የሚገድላት ትኩሳቱ ነው ወይስ ያንተ ቤሳ?»

ነጋዴው ትንሽ ከረጢት አወጣ፤ ሃያ ቤሳ ጨመረባት። «ለዚህ አትጠይቀኝ» አለው አሽከሩን። «አንድ ቦታ ከሁለት ቤሳ በላይ ካሉህ ግን አትክፈል። ለማን እንደከፈልክ ስትመለስ ትነግረኛለህ።»

አሽከሩ ገሰገሰ። ወንዙ ዳር አንዱ ባለ ታንኳ አምስት ቤሳ ቢለው እምቢ ብሎ፣ በሁለት ቤሳ የሚያሻግር ሌላ እስኪመጣ ጠበቀ። በማግስቱ መድኃኒቱን ይዞ ገባ። የከፈለውን አንድ በአንድ ተናገረና አንገቱን ደፋ፤ «አንዱ ኬላ ጠባቂ አታሎ ሁለቴ አስከፍሎኛል ጌታዬ።»

«ቤሳ ናት፤ ትሂድ» አለ ነጋዴው።

ልጅቱ ዳነች። አንድ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማም፤ አባቷም በዚያ በኩል በተቀመጠ ቁጥር ያን ሦስት ቀን ያስብ ነበር።

የኔታ ይህን ጨርሰው ወደ ስንዱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያንቺም ፕሮግራም እንደዚያ አሽከር ነው። በየኬላው አታመላልሺው፤ ትልቁንም ከረጢት አትስጪው። ትንሹን ስጪው፤ ልክ አብጂለት፤ የከፈለውን ተመልከቺ። አንዳንዴ ይታለላል፤ ሰውም ይታለላል። መፍራትሽ ነውር አይደለም። ግን ገበሬው ዝናቡን የሚጠይቅሽ ዛሬ ነው።»

ስንዱም «ትንሿ ከረጢት ምን ያህል ትያዝ፣ የኔታ?» አለች።

«ብትጠፋ የማታስለቅስሽን ያህል» አሏት።